የድራፍት ባች በስንት ዓመቱ ይመዘናል?

‹‹ድራፍት›› ሲባል ለአዲስ አበባ ሰው ቀድሞ የሚታየው አረፋ የደፈቀ የቢራ ብርጭቆ ነው። እኔም አሜሪካ በገባሁ ሰሞን የሥራ ባልደረቦቼ ‹‹የዘንድሮው ድራፍት እንዴት ነው? የአምናው አይሻልም ነበር?›› እየተባባሉ ሲከራከሩ ስሰማ፣ ሰዎቹ በመጠጥ ጉዳይ እንዲህ የሚንገበገቡት ለምን ይሆን ብዬ ተገርሜ ነበር። ነገሩ የገባኝ ቆይቶ ነው። የሚያወሩት ስለ ቢራ ሳይሆን ስለ ሰው ነው፤ ከየዩኒቨርሲቲው ተመልምለው ወደ አሜሪካ ፉትቦል ሊግ ስለሚገቡ ወጣቶች።

ለዚህ ጽሑፍ መነሻ የሆነኝ ልጄ ነው። በ2012 መስከረም አካባቢ፣ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሳለ፣ ‹‹የዋሽንግተንን 10 ቁጥር ማሊያ ካልገዛችሁልኝ›› ብሎ ቤቱን አስጨንቆት ነበር። ዛሬ ትምህርቱን ጨርሶ የመጀመሪያ ሥራውን ይዟል። በቅርቡ የስድስት ወር ግምገማ ተሰጥቶት ከላይም ከታችም ያልሆነ ውጤት ይዞ፣ አንገቱን ደፍቶ መጣ። ‹‹አባዬ፣ ሰው በስድስት ወር ይታወቃል?›› አለኝ። እኔም መልሴን ከዚያ ማሊያ ጀመርኩለት። ለእሱ ያወራሁትን ነው ዛሬ ለአንባቢ በሥርዓቱ የማቀርበው። (ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ምልመላው እንዴት ይሠራል?

በአሜሪካኖቹ ፉትቦል ኳሷ ሞላላ ናት፤ አብዛኛው ሥራም በእጅ ነው። እያንዳንዱ ቡድን 11 ሰው ያሰልፋል። ኳስ የያዘው ወገን በአራት ሙከራ ቢያንስ 10 ያርድ፣ ማለትም 9 ሜትር ገደማ፣ ወደፊት መግፋት አለበት፤ ካልቻለ ኳሷን ያስረክባል። እያንዳንዱን ሙከራ የሚመራውና ኳሷን የሚወረውረው ተጫዋች ‹‹ኳርተርባክ›› ይባላል። ቡድን ሲያሸንፍ የሚመሰገነው፣ ሲሸነፍም የሚወቀሰው በአብዛኛው እሱ ነው።

የአርሴናል ወይም የማንቼስተር ዩናይትድ ደጋፊ የሆነ አንባቢ እንደሚያውቀው፣ በአውሮፓ ገንዘብ ያለው ክለብ የፈለገውን ተጫዋች ይገዛል፤ ወይም ልጆችን በራሱ አካዳሚ ኮትኩቶ ያሳድጋል። በአሜሪካ ግን ተጫዋቾቹን የሚያሳድጉት ዩኒቨርሲቲዎች ናቸው። ኤንኤፍኤል በሚባለው ሊግ ያሉት 32 ቡድኖች በየዓመቱ ኤፕሪል ላይ ይሰበሰቡና በሰባት ዙር ከ250 በላይ ወጣቶችን በተራ ይመርጣሉ። ተራው የሚወጣው በግልባጭ ነው፤ ባለፈው ውድድር መጨረሻ የወጣው ቡድን መጀመሪያ ይመርጣል፣ ሻምፒዮኑ ከየዙሩ መጨረሻ ላይ ይቀመጣል። ዓላማው ደካማውን ማንሳት፣ ጉልበተኛውን ማመጣጠን ነው። ቡድኖች ተራቸውን እርስ በርስ መለዋወጥም ይችላሉ፤ የዛሬውን ተራ ለማግኘት የመጪዎቹን ዓመታት ተራ አሳልፎ መስጠት የተለመደ ነው።

ሐሳቡን በ1935 ያቀረበው የፊላዴልፊያው ቡድን ባለቤት ቤርት ቤል ነው። የመጀመሪያው ምልመላ በ1936 ፊላዴልፊያ ውስጥ ሲካሄድ 81 ተጫዋቾች ተመረጡ። ከሁሉም ቀድሞ ስሙ የተጠራው ጄይ ቤርዋንገር ግን ሌላ ሥራ ይሻለኛል ብሎ በሊጉ አንድ ጨዋታ እንኳ ሳይጫወት ቀረ። በምልመላ ታሪክ የመጀመሪያው አንደኛ ምርጫ መና የቀረ ምርጫ መሆኑ ነው። ቢሆንም ከዚያ ወዲህ የተገመተውና የሆነው ሲለያይ ያልታየበት ዓመት የለም።

ምልመላው በተጠናቀቀ ማግሥት የስፖርት ጋዜጠኞች ልክ እንደ ዩኒቨርሲቲ መምህር ለ32ቱም ቡድኖች ‹‹ኤ››፣ ‹‹ቢ››፣ ‹‹ኤፍ›› እያሉ ውጤት ይለጥፋሉ። ልብ በሉ፤ ከተመረጡት ልጆች አንዱም ገና አልተጫወተም። ውድድሩ አልቆ የመጀመሪያው ዓመት ሲጠናቀቅ ደግሞ ሁለተኛ ዙር ውጤት ይለጠፋል። ይኼኛው ቢያንስ በሜዳ ላይ የታየ ነገር ስለያዘ የበለጠ ይታመናል። ብዙ ሰው የሚሳሳተውም እዚህኛው ላይ ነው፤ እኔንም ጨምሮ።

የመጀመሪያው ዓመት ለምን ያታልላል?

አንደኛው ምክንያት የመሰለፍ ዕድል ነው። ደካማ ቡድን የገባ ጀማሪ ከፊቱ የሚቀድመው ሰው ስለሌለ ወዲያውኑ ይሰለፋል፤ ቁጥሩም ያምራል። ጠንካራ ቡድን የገባው ደግሞ ወንበር ላይ ይቀመጣል። በ1974 ፒትስበርግ የመለመላቸው ሊን ስዋን፣ ጃክ ላምበርት፣ ጆን ስቶልወርዝና ማይክ ዌብስተር አራቱም በኋላ በፉትቦል የዝና አዳራሽ ስማቸው ሰፍሯል። ከአንድ ዓመት ምልመላ አራት እንዲህ ያሉ ሰዎች ያገኘ ሌላ ቡድን የለም። ይሁን እንጂ በመጀመሪያው ዓመት በእውነት የደመቀው ላምበርት ብቻ ነበር። ኳስ ተቀባዩ ስዋን በዚያ የውድድር ዘመን የያዘው 11 ኳስ ነው፤ ዌብስተር ደግሞ ቋሚ ተሰላፊ ለመሆን እስከ 1976 መጠበቅ ነበረበት። በ1974 መጨረሻ ላይ ባቹን የመዘነ ሰው ‹‹አንድ ጥሩ ተከላካይ አገኙ›› ብሎ ያልፈው ነበር። ቡድኑ ግን በስድስት ዓመት ውስጥ አራት ጊዜ ሱፐር ቦውል የሚባለውን የፍጻሜ ዋንጫ ወሰደ።

ሁለተኛው ምክንያት የሥራ መደቡ ነው። ኳስ ይዞ የሚሮጥ ተጫዋች ጉልበቱ ትኩስ ሆኖ ስለሚመጣ ገና በመጀመሪያው ዓመት ሊያበራ ይችላል። ኳርተርባክ ግን የተቃራኒውን አሰላለፍ ማንበብ፣ በሦስት ሰከንድ ውስጥ መወሰን፣ መሳሳትና ከስህተቱ መማር አለበት። በ1998 አንደኛ ሆኖ የተመረጠው ፔይተን ማኒንግ በጀማሪነት ዘመኑ 28 ኳስ ለተቃራኒ አስነጥቋል፤ ይህም በጀማሪዎች ዘንድ እስከ ዛሬ ያልተደረሰበት ቁጥር ነው። ቡድኑ ኢንዲያናፖሊስም 3 አሸንፎ 13 ተሸነፈ። ሁለተኛ ሆኖ የተመረጠው ራያን ሊፍ በዚያው ዓመት ያስነጠቀው 15 ብቻ ነው፤ ቡድኑ ሳንዲዬጎም 5 ጨዋታ አሸንፏል። የተነጠቀውን ኳስና የቡድኑን ድል ብቻ ለቆጠረ ሰው ሊፍ የተሻለ ይመስላል።

አስተውሎ ያየ ግን ልዩነቱን ያገኝ ነበር። ማኒንግ 28 ሲያስነጥቅ 26 ጊዜ ደግሞ ለጎል የበቃ ኳስ ወርውሯል፤ ሊፍ የወረወረው ሁለት ነው። ማኒንግ 16ቱንም ጨዋታ ቆሞ ተጫውቷል። በማግሥቱ ዓመት ኢንዲያናፖሊስ 13 አሸንፎ 3 ተሸነፈ። ማኒንግ የሊጉ ኮከብ ተጫዋች ተብሎ አምስት ጊዜ ተሸለመ፤ ሊፍ በ2002 ከሜዳ ተሰናበተ። እንግዲህ የመጀመሪያው ዓመት ምንም አይናገርም ማለቴ አይደለም። ይናገራል፤ ግን ጮክ ብሎ የሚናገረው ነገር ብዙ ጊዜ ዋናው አይደለም።

ሦስተኛው ምክንያት ደግሞ ጭራሽ ያልታየ ሰው መኖሩ ነው። ቶም ብሬዲ በ2000 በስድስተኛው ዙር 199ኛ ሆኖ ሲመረጥ ከእሱ በፊት ስድስት ኳርተርባኮች ተጠርተው ነበር። በዚያ ዓመት በአንድ ጨዋታ ብቻ ገብቶ ሦስት ኳስ ወረወረ፤ አንዱ ተሳካለት፣ ርቀቱም 6 ያርድ ነበር። የኒው ኢንግላንድን የ2000 ባች በዓመቱ መጨረሻ የመዘነ ሰው የብሬዲን ስም ማንሳቱም ያጠራጥራል። በ2001 የቡድኑ ዋና ኳርተርባክ ሲጎዳ ብሬዲ ገባ፤ ሜዳውንም አልለቀቀም። ሰባት ሱፐር ቦውል አሸንፎ ነው የወጣው።

ባለ 10 ቁጥሩ ልጅ

አሁን ወደ ልጄ ማሊያ ልመለስ። ዋሽንግተንና አካባቢው ብዙ ኢትዮጵያውያን የሚኖሩበት ነው። አብዛኞቻችን ቅዳሜና እሑድ ጠዋት የእንግሊዝን ኳስ እናያለን፤ ቆይተው የመጡት ግን እሑድ ከሰዓት በኋላ ፉትቦል ወዳድ ሆነዋል። ከእነዚህ አንዱ ብዙ ዓመት ታክሲ የነዱ፣ ሁላችንም ‹‹ጋሼ›› የምንላቸው ትልቅ ሰው ናቸው። የዋሽንግተንን ቡድን በደህናው ዘመን፣ ዋንጫ ሲያነሳ አይተውታል።

በ2012 ቡድኑ ሮበርት ግሪፊን 3ኛ የተባለውን ኳርተርባክ ለማግኘት ከባድ ዋጋ ከፈለ። በራሱ ተራ ስድስተኛ ነበር የሚመርጠው። ሁለተኛውን ተራ ከሴንት ሉዊስ ለመውሰድ ያንን ስድስተኛ ተራውን፣ የዚያኑ ዓመት የሁለተኛ ዙር ምርጫውን፣ በተጨማሪም የ2013ንና የ2014ን የመጀመሪያ ዙር ምርጫዎቹን ሰጠ። በእኛ አነጋገር ደመወዙን ብቻ ሳይሆን የመጪዎቹን ዓመታት ቦነስ ጭምር ለአንድ ሰው አስያዘ።

የመጀመሪያው ዓመት ውጤት ዋጋውን ሁሉ የሚያስረሳ ነበር። ግሪፊን 20 ለጎል የበቃ ኳስ ሲወረውር ያስነጠቀው 5 ብቻ ነው። በእግሩ ደግሞ 815 ያርድ ሮጠ። በስድስተኛው ዙር 173ኛ ሆኖ የተመረጠው ሯጩ አልፍሬድ ሞሪስ 1,613 ያርድ ሮጦ በሊጉ ሁለተኛ ሆነ። ባለፈው ዓመት 5 ብቻ ያሸነፈው ቡድን 10 አሸንፎ ምድቡን መራ። ግሪፊንም የዓመቱ ምርጥ ጀማሪ አጥቂ ተባለ። እኔ ለዚህ ባች ያለ አንዳች ማመንታት ‹‹ኤ›› ሰጠሁ። ‹‹ይህ ቡድን በአራት ዓመት ውስጥ ዋንጫ ይወስዳል›› ብዬ ከጋሼ ጋር በክትፎ ተወራረድኩ። ጋሼ ሳቅ ብለው ‹‹ልጁን እኔም ወድጄዋለሁ፤ ግን በዚያ አሯሯጥ ስንት ዓመት ይሮጣል?›› አሉኝ። ‹‹እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል›› ብለውም እጄን መቱኝ።

ብዙም አላደረም። ግሪፊን በዲሴምበር 2012 ጉልበቱን ተመታ። ለአንድ ጨዋታ አርፎ ተመለሰ። ጃንዋሪ 6 ቀን 2013 በጥሎ ማለፉ ከሲያትል ጋር ሲጫወት ያው ጉልበት ከዳው፤ ሁለት ጅማቶቹም ተጎዱ። ያን ቀን እያነከሰ ሜዳ ውስጥ እንዲቆይ መደረጉ በከተማው ለረጅም ጊዜ አከራክሯል። ልጄ ማሊያውን እንደለበሰ ሶፋው ላይ አልቅሶ ተኛ።

በ2013 ቡድኑ 3 አሸንፎ 13 ተሸነፈ፤ አሰልጣኙ ማይክ ሻናሃንም ተባረረ። 13 ጊዜ የተሸነፈ ቡድን በሚቀጥለው ዓመት ሁለተኛ ሆኖ መምረጥ ይገባው ነበር፤ ያ ተራ ግን ቀድሞ ተሽጧል። ግሪፊን የቀድሞው ግሪፊን ሳይሆን በማርች 2016 ተሰናበተ። የሞሪስም ሩጫ በየዓመቱ እየቀነሰ 1,613 የነበረው በ2015 ወደ 751 ወርዶ ቡድኑን ለቀቀ።

ታሪኩ እዚህ ቢያልቅ ‹‹ኤ›› የነበረው ‹‹ኤፍ›› ሆነ ብለን እንዘጋው ነበር። አላለቀም። ዋሽንግተን በዚያው ምልመላ በአራተኛው ዙር፣ 102ኛ ላይ፣ ከርክ ከዚንስ የተባለ ሌላ ኳርተርባክ መርጦ ነበር። ‹‹ያን ሁሉ ከፍለው አንድ ካመጡ በኋላ ሁለተኛው ምን ያደርጋል?›› ያላለ ደጋፊ አልነበረም፤ እኔም ከጮኹት አንዱ ነኝ። ከዚንስ በመጀመሪያው ዓመት በቋሚነት የተሰለፈው ግሪፊን ባረፈበት በዚያ አንድ ጨዋታ ነው። በ2015 ግን ቦታውን ወስዶ 4,166 ያርድ ወረወረ፤ ቡድኑም እንደገና ምድቡን መራ። በባቹ ውስጥ ረጅሙን መንገድ የተጓዘው ማንም ያልፈለገው ልጅ ሆነ።

‹‹ኤፍ›› የተሰጠው ባች

ግሪፊን ጉልበቱን በተጎዳበት ጨዋታ ያሸነፈው ሲያትል መሆኑን ልብ ይሏል። ሲያትል በ2012 ምልመላ ማግሥት ከሊጉ ዝቅተኛ ውጤት ከተሰጣቸው ቡድኖች አንዱ ነበር፤ ‹‹ኤፍ›› ያሉትም አልጠፉም። በመጀመሪያው ዙር 15ኛ ላይ የወሰደው ብሩስ አይርቪን ‹‹በዚህ ተራ የሚወሰድ አይደለም›› ተባለ። በሦስተኛው ዙር 75ኛ ላይ የመረጠው ኳርተርባክ ራስል ዊልሰን ደግሞ ቁመቱ 1 ሜትር ከ80 ገደማ በመሆኑ አጭር ነው ተባለ። በዚያ ላይ ቡድኑ ከሳምንታት በፊት ሌላ ኳርተርባክ አስፈርሞ ነበር።

ዊልሰን በጀማሪነት ዓመቱ 26 ለጎል የበቃ ኳስ ወርውሮ ማኒንግ በ1998 ያስመዘገበውን የጀማሪዎች ክብረ ወሰን ተጋራ። በሁለተኛው ዙር 47ኛ ላይ የተመረጠው ተከላካይ ቦቢ ዋግነር ደግሞ ከዘመኑ ምርጦች አንዱ ሆነ። በፌብሩዋሪ 2014 ሲያትል ሱፐር ቦውልን ሲያነሳ ከፊቱ የቆመው ማኒንግ የሚመራው ዴንቨር ነበር፤ ውጤቱም 43 ለ8። ያን ማታ ክትፎዬን እንደተበላሁ ገብቶኛል፤ ሒሳቡን የከፈልኩት ግን አራቱ ዓመት ሲሞላ ነው።

ሴንት ሉዊስስ አተረፈ?

ዋሽንግተን ከከሰረ ሻጩ አተረፈ ማለት ነው ብሎ የሚያስብ አንባቢ ይኖራል። በዲሴምበር 2014 ሴንት ሉዊስ ዋሽንግተን መጥቶ ሲጫወት፣ አሰልጣኙ ጄፍ ፊሸር ከዚያ ስምምነት ያገኛቸውን ስድስት ተጫዋቾች አምበል አድርጎ ለሳንቲም ዕጣው ወደ መሐል ሜዳ ላካቸው። ‹‹ያ ሁሉ ሀብታችሁ እነሆ›› እንደማለት ነው። ጨዋታውም 24 ለ0 አለቀ። ስታዲየሙ ውስጥ የነበረ የዋሽንግተን ደጋፊ ሁሉ ስድቡ ገብቶታል።

ነገር ግን ይህም ችኮላ ነበር። ከስድስቱ መካከል ከሁሉም ውዱ፣ በ2014 ሁለተኛ ሆኖ የተመረጠው ግሬግ ሮቢንሰን እንደታሰበው አልሆነም፤ በ2017 ለዲትሮይት በስድስተኛ ዙር ምርጫ ተለወጠ። ሁለተኛ የነበረ ሰው በስድስተኛ ዙር ዋጋ ማለት ነው። ቡድኑም ከ2012 እስከ 2016 ባለው ጊዜ ካሸነፈው ጨዋታ የተሸነፈው ያልበለጠበት አንድም ዓመት የለም። ገዢም ሻጭም ያላተረፉበት ገበያ መሆኑ ነው። ስድስት ደህና ተጫዋች ማግኘትና አንድ ጥሩ ቡድን መሥራት ለየቅል ናቸው።

አራት ጥያቄዎች

ከዚያ ክትፎ ወዲህ አንድን ባች ስመዝን አራት ነገር እጠይቃለሁ።

የመጀመሪያው ‹‹ስንት ተከፈለበት?›› የሚል ነው። በ1990ዎቹ መጀመሪያ በዳላሱ አሰልጣኝ ጂሚ ጆንሰን ስም የሚጠራ የዋጋ ሰንጠረዥ ወጥቶ ነበር። አንደኛው ተራ 3,000 ነጥብ፣ ሁለተኛው 2,600፣ 16ኛው 1,000፣ 32ኛው 590 ይይዛል። ቡድኖች ተራ ሲለዋወጡ ይህን መሰል ሰንጠረዥ ያያሉ። ስለዚህ በ3,000 ነጥብ የተገዛ ተጫዋች ‹‹ጥሩ›› ቢሆን አይበቃውም። በ2022 ከሁሉም መጨረሻ፣ 262ኛ ላይ ተመርጦ ሳንፍራንሲስኮን በፌብሩዋሪ 2024 ለሱፐር ቦውል ያበቃው ብሮክ ፐርዲ ግን በነጻ እንደተገኘ ይቆጠራል።

ኢኮኖሚስቶቹ ኬድ ማሲና ሪቻርድ ቴለር ይህን ገበያ አጥንተው ቡድኖች ለመጀመሪያዎቹ ተራዎች ከሚገባው በላይ እንደሚከፍሉ አሳይተዋል። ቴለር በ2017 በኢኮኖሚክስ የኖቤል ሽልማት ያገኘው ምሁር ነው። አንድ ተጫዋች በዚያው የሥራ መደብ ከእሱ ቀጥሎ ከተመረጠው የሚሻልበት ዕድል ከ50 በመቶ ጥቂት ብቻ ይበልጣል። ሳንቲም ከመወርወር እምብዛም አይርቅም ማለት ነው። ችግሩ ያለው ከመምረጡ ላይ ብቻ አይደለም፤ ‹‹እኔ አልሳሳትም›› ብሎ ለአንድ ሰው ሁሉን ከመስጠቱም ላይ ነው።

ሁለተኛው ‹‹ዕድል አግኝቷል ወይ?›› ነው። ያልተሰለፈ ሰው ወደቀ አይባልም። ከዚንስና ብሬዲ በመጀመሪያው ዓመታቸው አልወደቁም፤ ገና አልተፈተኑም ነበር።

ሦስተኛው ‹‹በአራተኛው ዓመት የት ነው?›› የሚለው ነው። አራት ዓመት ያልኩት በዘፈቀደ አይደለም። በ2011 ሊጉና የተጫዋቾቹ ማኅበር ባደረጉት ስምምነት የጀማሪ ተመልማይ ውል አራት ዓመት ሆኖ ክፍያውም በተራው ተተመነ። ከዚያ በፊት በ2010 አንደኛ የተመረጠው ሳም ብራድፎርድ በስድስት ዓመት እስከ 78 ሚሊዮን ዶላር የሚደርስ ውል ፈርሞ ነበር። በማግሥቱ ዓመት አንደኛ የሆነው ካም ኒውተን ያገኘው በአራት ዓመት 22 ሚሊዮን ገደማ ነው። እንግዲህ ቡድኑ ርካሽ ጉልበት የሚያገኘው በእነዚያ አራት ዓመታት ነው። ሲያልቁ ቡድኑ የገዛ ምርጫውን በገበያ ዋጋ መልሶ ይፈልገው እንደሆነ ይታያል። ለፐርዲ ሳንፍራንሲስኮ በ2025 የአምስት ዓመት 265 ሚሊዮን ዶላር ውል ሰጥቶታል። ከዚህ የበለጠ የምስክር ወረቀት የለም።

አራተኛው ‹‹ምርጫው ተሳሳተ ወይስ ዕድል ጎደለ ወይስ አያያዙ ተበላሸ?›› ነው። ግሪፊን ሜዳ ላይ ያሳየው ችሎታ እውነት ነበር፤ ጉልበቱን ማንም አልመረጠም። ነገር ግን ኳርተርባክን እንደዚያ ማስሮጥ፣ የተጎዳን ልጅ ማሰለፍ፣ የሁለት ዓመት ተስፋን በአንድ ጉልበት ላይ ማስቀመጥ የሰው ውሳኔ ነው። ለተመረጠው ልጅና ለመራጩ የሚሰጠው ውጤት ለየብቻ መጻፍ አለበት።

የሚቃወመኝ እንደሚኖር አውቃለሁ። ‹‹ቡድን አራት ዓመት መጠበቅ አይችልም›› ይላል። እውነት ነው። በመጀመሪያው ዙር የተመረጠን ተጫዋች ለአምስተኛ ዓመት ለማቆየት ቡድኑ የሚወስነው ሦስተኛው ዓመት ሲያልቅ ነው። አሰልጣኝም አራት ዓመት የሚታገሠው የለም፤ ሻናሃን ከግሪፊን ጋር የቆየው ሁለት ዓመት ነው። ስለዚህ ሰው ሳያውቅ መፍረዱ አይቀርም። እኔ የምለው ቀድሞ የተሰጠ ፍርድ በእርሳስ ይጻፍ፣ ላጲሱም አጠገቡ ይቀመጥ ነው። ሁለት ጀማሪዎቹ በ2022 የዓመቱ ምርጥ ጀማሪ አጥቂና የዓመቱ ምርጥ ጀማሪ ተከላካይ ተብለው የተሸለሙለት የኒውዮርኩ ጄትስ እንኳ ያን ዓመት 7 አሸንፎ 10 ተሸንፏል። ሽልማትና ቡድን መገንባት አንድ አይደሉም።

እንደገና ሁለተኛ ተራ

የዋሽንግተን ቡድን የድሮ ስሙን በ2020 ትቶ ከ2022 ጀምሮ ኮማንደርስ ይባላል። በ2024 እንደገና በሁለተኛ ተራ ጄይደን ዳንኤልስ የተባለ ኳርተርባክ መረጠ። አሁንም ፈጣን ሯጭ ነው፤ አሁንም የዓመቱ ምርጥ ጀማሪ አጥቂ ተባለ። በ2023 4 ብቻ ያሸነፈው ቡድን 12 አሸንፎ ከ1991 የውድድር ዘመን ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ እስከ ሱፐር ቦውል ዋዜማ ደረሰ። ከተማው ሰከረ። ስልኬም ጮኸ፤ ጋሼ ናቸው። ‹‹እህ፣ ዘንድሮስ ክትፎ የለም?›› አሉኝ።

‹‹ጋሼ፣ በ2028 እንነጋገር›› አልኳቸው።

ልዩነት አለ፤ ይህን መካድ አልችልም። ዋሽንግተን በዚህኛው ጊዜ የነገውን አልሸጠም፤ ተራው የራሱ ነበር። ከዳንኤልስ ጋር በዚያው ዓመት ቡድኑን የተቀላቀለው አንጋፋ ተከላካይ ደግሞ ማን ይመስላችኋል? ያው ‹‹ኤፍ›› ከተሰጠው የሲያትል ባች የወጣው ቦቢ ዋግነር ነው። ከተመረጠ ከ12 ዓመት በኋላ ማለት ነው። በ2025 ግን ዳንኤልስን ጉዳት ደጋግሞ ከሜዳ አራቀው፤ ቡድኑም ካሸነፈው የተሸነፈው በለጠ። የሰከረው ከተማ ወዲያው ‹‹አይ፣ ይኼም እንደ ግሪፊን ነው›› ማለት ጀመረ። ሁለቱም ፍርድ ችኩል ነው። በአንደኛው ዓመት ‹‹ኤ›› ብዬ አልጻፍኩም፤ በሁለተኛውም ‹‹ኤፍ›› ብዬ አልጽፍም።

ልጄ ይህን ሁሉ ሰምቶ ‹‹ታዲያ እኔ ከየትኛው ነኝ? ከግሪፊን ነው ከከዚንስ?›› አለኝ።

‹‹እሱን ገና አናውቅም›› አልኩት። ‹‹ግን በስድስት ወር ያገኘኸውን ወረቀት አትቅደደው። የሚነግርህ ነገር አለ፤ እንደ ማኒንግ 28ቱን የት እንዳስነጠቅህ እይበት።››

ወረቀቱን አጣጥፎ ኪሱ ከተተው። 10 ቁጥሩ ማሊያ አሁንም ቁምሳጥኑ ውስጥ አለ። ጠቦታል፤ እናቱ ለሰው ትስጠው ብትል እሱ እንቢ ብሏል።